ኮምፒውተር ሲደምር የሚጠፉት አኃዞች

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በዳህራን የነበረ የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል መሣሪያ ከኢራቅ የተወነጨፈውን ስከድ ሚሳይል ሳያከሽፍ ቀረ። ሚሳይሉ በአሜሪካ ወታደሮች ማደሪያ ላይ ወድቆ 28 ሰዎችን ገደለ። በኋላ የተካሄደው ምርመራ መንሥኤውን ያገኘው በአንዲት ክፍልፋይ፣ ማለትም በአንድ አስረኛ ውስጥ ነበር።

የመሣሪያው ሰዓት ጊዜን የሚቆጥረው በአስረኛ ሰከንድ ነው፤ ቆጠራው ወደ ሰከንድ ሲለወጥ በ0.1 ይባዛል። ይሁን እንጂ ኮምፒውተር ቁጥርን የሚጽፈው በ0 እና በ1 ብቻ በመሆኑ፣ አንድ ሦስተኛ በአስርዮሽ 0.333 እየተባለ እንደማያልቅ ሁሉ፣ አንድ አስረኛም በዚህ አጻጻፍ ማብቂያ የለውም። ስለዚህ በ24 ቢት ላይ ተቆረጠ። ከቁጥሩ የጎደለው ከአንድ አስር ሚሊዮንኛ ያንሳል፤ መሣሪያው ለ100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ በመሥራቱ ግን ስሕተቱ ወደ 0.34 ሰከንድ አደገ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስከድ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል።

የዛሬ ኮምፒውተሮች በተለመደው አሠራር 53 ቢት፣ በአስርዮሽ ሲሰላ 16 ያህል አኃዝ ይይዛሉ። ይህ ብዙ ቢመስልም አንድን የሒሳብ ፈንክሽን በርካታ ቁጥሮችን እየደመሩ ሲያሰሉ አይበቃም። 2.718 ገደማ የሆነው የ«ኢ» ቁጥር ርቢው ኔጌቲቭ 20 ሲሆን ትክክለኛው መልስ 0.000000002 ያህል ነው። ወደዚህ መልስ የሚያደርሱት ተደማሪዎች አንዱ ፖዘቲቭ፣ ቀጣዩ ኔጌቲቭ እየሆኑ ይፈራረቃሉ፤ ትልቁም ከ43 ሚሊዮን ይበልጣል። ይህን ቁጥር ለመያዝ ከነጥቡ በፊት ስምንት አኃዝ ያስፈልጋል፤ ከነጥቡ በኋላ የሚቀረውም ስምንት ገደማ ብቻ ነው። የሚፈለገው መልስ ግን የሚጀምረው ከዘጠነኛው ቦታ ነው! ግዙፎቹ ተጣፍተው ሲያበቁ የሚተርፈው በአብዛኛው የስሕተት ጥርቅም ይሆናል፤ ማሽኑም ያንኑ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ እንደ መልስ ያቀርባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ርቢውን ፖዘቲቭ 20 አድርጎ ማስላት፣ ከዚያም 1ን ለውጤቱ ማካፈል። ተደማሪዎቹ ሁሉ ፖዘቲቭ ስለሚሆኑ እርስ በርስ አይጣፉም።

ከስሌት በፊት የሚፈለገውን ጥራት መወሰን አዲስ ሐሳብ አይደለም። ጀምሺድ አል ካሺ እ.ኤ.አ. በ1424 «አር ሪሳላ አል ሙሒጢያ» በተሰኘው የዓረብኛ ድርሳኑ፣ ዲያሜትሩ ከምድር 600,000 እጥፍ በሆነ ክብ ዙሪያ ላይ እንኳ ስሕተቱ ከፈረስ ፀጉር ውፍረት እንዳያልፍ አስቀድሞ ደነገገ። በዚህም የፓይን እጥፍ እስከ 16ኛው የአስርዮሽ ቦታ በትክክል አገኘ፤ ያውም በእጁ አስልቶ።

ካናዳዊው ዊልያም ካሃን በበኩሉ በ1965 ያሳተመው ዘዴ በእያንዳንዱ ድምር የሚወድቀውን ትርፍ በሌላ ቦታ አስቀምጦ ለቀጣዩ ተደማሪ ይመልሳል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከ2023 ጀምሮ፣ በ3.12 እትሙ፣ የዚህን ዘዴ የተሻሻለ ዓይነት በመደበኛ የመደመሪያ ትእዛዙ ውስጥ አስገብቷል።