የዘገየ ብዕር

በአማኑኤል ሰፈር፥ በመርካቶ ጥግ የሚኖር ሰው የወረቀትን መጨረሻ በዐይኑ ያያል። ቁራሌው ከየመንደሩ የለቀመው አሮጌ ደብተር፣ የተማሪ መልመጃ፣ የመሥሪያ ቤት መዝገብና የጋዜጣ ክምር በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል፤ ብዙውም የበርበሬና የቆሎ መጠቅለያ ሲሆን ኖሯል። ቆሎውን የበላ ልጅ ወረቀቱን ሳያነበው ይጥለዋል። በዚያ ክምር ውስጥ አንድ አባት ሌሊት ተነሥቶ የጻፈው ታሪክ፥ አንዲት እናት የቋጠረችው ግጥም ምን ያህል እንደ ተቀላቀለ የሚያውቅ የለም። ባለቤቱ ሲሞት ልጆች ሣጥኑን ይከፍታሉ፤ የቤቱን ካርታና የባንኩን ደብተር ለይተው ያኖራሉ፤ የቀረውን «የአባባ ወረቀት ነው» ብለው ለቁራሌው ያስረክባሉ።

ይህን ማንሣታችን ልጆችን ለመውቀስ አይደለም። አባትየው ራሱ ጽሕፈቱን እንደ ቁም ነገር ሳይቈጥረው ካለፈ፥ ልጆቹ ከየት አምጥተው ይቍጠሩለት? የድርሰት ምኞት በልባቸው ይዘው «ጊዜዬ አልፏል» እያሉ የሚኖሩ ሰዎች በየቤቱ አሉና ነገራችን ስለ እነርሱ ነው። ስድሳ ዓመት ከሞላው በኋላ ልብ ወለድ ልጽፍ ነው የሚል ሰው በአዲስ አበባ የሚሰማው ቀልድ የታወቀ ነው። በሰፈሩ ስም የሚጠራው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል እዚሁ ስላለ፥ «አማኑኤል ወስዳችሁ አሳዩት» ይባላል። ቀልዱ ለታመመውም ለሚጽፈውም የማይገባ ነው።

ነገር ግን ቀላጁ ራሱ ሳይወደው ያልቀረውን ፍቅር እስከ መቃብርን ማን፥ በስንት ዓመቱ ጻፈው? መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ዕድሜያቸው 56 ዓመት ገደማ ነበር። በ1902 ዓ.ም. ከካህን አባት በጎጃም ተወለዱ፤ በደብረ ኤልያስና በዲማ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ቀሰሙ፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊውን ትምህርት ተማሩ፤ ተመልሰውም መምህር ሆኑ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወር ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋር ዘመቱ፤ ተማርከውም ወደ ኢጣሊያ ተጋዙና ለዓመታት በግዞት ኖሩ። ከነጻነት በኋላ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ መልእክተኛ፣ በለንደን አምባሳደር፣ በአገር ቤትም ሚኒስትር ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. ተረት ተረት የመሠረት የተባለውን መጽሐፋቸውን ቢያሳትሙም፥ ኑሯቸው ሲታይ የመንግሥት ሥራ የሞላው እንጂ ለብዕር የተተወ አልነበረም።

ከ500 ገጽ የሚበልጠውን ያን መጽሐፍ የከፈተ ሰው ግን አምባሳደሩን አያገኝም። የሚያገኘው ዲማ ጊዮርጊስን፣ የቅኔውን ተማሪ በዛብህን፣ የባላባቱን ልጅ ሰብለ ወንጌልን፣ እውነት በመናገሩ «ጉዱ» የተባለውን ካሣን ነው። ልጁ በጎጃም ያየውን ሽማግሌው አርባ ዓመት ያህል ይዞት ኖረ። የዘገየው ብዕሩ ነው እንጂ ነገሩ ከጥንት ተሰናድቶ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቈጠሩ ሰዎች ሳይቀሩ የሰሙት የራሳቸው አገር ነገር ስለ ነበረ ነው። ደራሲውም በዚያ አላቆሙም፤ ወንጀለኛው ዳኛን በ1974፣ የልም እዣትን በ1980፣ የጦርነቱንና የግዞቱን ዘመን የተረኩበትን ትዝታን በ1985 ዓ.ም. አወጡ። ይህ የመጨረሻው ሲታተም ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ ያረፉትም በ1996 ዓ.ም. ነው።

ከባሕር ማዶም የሚመሳሰል አለ። የእስፓኙ ሰርቫንቴስ በሌፓንቶ የባሕር ጦርነት ቈስሎ ግራ እጁ ሰለለ፤ በኋላም ተማርኮ አምስት ዓመት በአልጀርስ በምርኮ ኖረ። ዶን ኪኾቴ የመጀመሪያው ክፍል በ1605 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲወጣ የ57 ዓመት ሰው ነበር። ሁለቱም ምርኮን ቀምሰው፥ ለሌላ ሥራ ሲሮጡ ኖረው፥ ጠጕራቸው ሲሸብት ትልቁን መጽሐፋቸውን ሰጡ። ምርኮ ደራሲ ያደርጋል ማለታችን ግን አይደለም፤ ስንቱ ተማርኮ ዝም ብሎ ቀርቷል!

እንግዲህ ለዘገየ ጸሐፊ ትልቁ ችግር ዕድሜ ሳይሆን ደቀ መዝሙር መሆንን መጥላት ይመስለናል። ሃምሳ ዓመት የቤት ራስ፣ የሱቅ ጌታ ወይም የመሥሪያ ቤት አለቃ ሆኖ የኖረ ሰው እንደገና ታረም ሲባል ያመዋል። በዚህ ረገድ የቅኔ ቤታችን ሥርዓት ድንቅ ነው። ተማሪው ቀን ለብቻው ቅኔ ሲቈጥር ይውልና ከመምህሩ ዘንድ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፥ ያፈርሳል፥ ያቃናል። በማግስቱ ሌላ አዲስ ይቈጠራል እንጂ የትናንቱ አይደገምም። የሚጀመረውም ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚደረሰው ቀስ በቀስ ነው። ጎልማሳውም ከልጁ እኩል ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ማንም አይስቅበትም። ልብ ወለድ ልጻፍ ብሎ በመጀመሪያው ቀን 500 ገጽ የሚያስብ ሰው በመወድስ ልጀምር እንደሚል ተማሪ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ገጽ ይበቃዋል።

ለአማኑኤል ሰፈር ሰው ደግሞ የሚጻፍ ነገር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በዱቤ መዝገቡ ላይ ያለ እያንዳንዱ ስም ታሪክ አለው፤ ማን በወቅቱ ከፈለ፣ ማን ከሰፈር ጠፋ፣ ማን ከአሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ «ያንተ ነው» ብሎ ገንዘቡን ቈጠረ። ደላላው በሁለት ነጋዴዎች መካከል የሚናገረው ንግግር ሳይቀነስና ሳይጨመር ቢጻፍ ግሩም ቴአትር ነው። ከሸማ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ ያለውን የሸቀጥ ስም፣ የሚዛን ተንኰል፣ የወዛደሩን ጩኸት ወጣት ደራሲ ጠይቆ ይማረዋል፤ እርስዎ ግን ኖረውበታል። ይህ ከማንኛውም የጽሕፈት ጥበብ ይልቅ የማይገዛ ሀብት ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ሀብት አንድ መሰናክል አለው። በዕድሜ የገፋ ሰው ሲጽፍ ታሪኩን ትቶ ወደ ተግሣጽ ይሮጣል፤ ልጁ ከመስረቁ በፊት ስለ ሌብነት ሁለት ገጽ ምክር ይወርድበታል። አንባቢም መጽሐፉን ዘግቶ ቡናው ደረሰ ወይ ይላል። ምክሩን ለልጅ ልጆች በቃል ይንገሩ፤ በወረቀቱ ላይ ግን ሌባው ይስረቅ፥ ይያዝ፥ ያልቅስ።

ስለ ጊዜና ስለ ቦታ፥ ቤተ ሰብ ካልተባበረ ነገሩ አይሆንም። በአንድ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥኑ፣ እንግዳውና የልጆች ጥናት በሚገናኙበት ቤት ለጸሐፊ የሚቀረው ማለዳ ነው፤ ከኪዳን መልስ ሱቅ ሳይከፈት ያለችውን አንዲት ሰዓት ቤተ ሰቡ ቢያከብርለት ትበቃዋለች። ዐይናቸው የደከመ፥ ወይም መጻፍ ያልተማሩ እናቶች ደግሞ ይናገሩና የልጅ ልጅ ይጻፍላቸው። ዛሬ የእጅ ስልክ ድምፅ ስለሚቀዳ ልጁ ባይመቸው እንኳ ነገሩ አይጠፋም። ነገር ግን ጸሐፊው ልጅ አደራ አለበት፤ አያቱ «እርሻ ዳር ቆምኩ» ካሉ «በማሳው አጠገብ ተገኘሁ» ብሎ አያሳምርባቸው።

የወረቀቱን ዕጣ በሚመለከት ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በጽሑፍ የተዉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው ካረፉ ከ25 ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። የልዑል ራስ እምሩም ካየሁት ከማስታውሰው የተባለው መጽሐፍ የወጣው ካረፉ በኋላ ነው። ወረቀቱን የጠበቀ ሰው ባይኖር ኖሮ ሁለቱም ዛሬ በእጃችን አይገኙም ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ገጹን ይቍጠር፤ ቀኑንና ስሙን ይጻፍ፤ በንጹሕ ይገልብጥ፤ አንዱን ቅጂ ከቤቱ ውጭ ከሚያምነው ዘመድ ያኑር። ለማሳተም ግን አይቸኵል። በአገራችን ብዙ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ነው፤ ለጡረታ የተቀመጠችውን ጥሪት ለማተሚያ ቤት አስረክቦ ያልተሸጠ መጽሐፍ በአልጋ ሥር የሚከምር ሰው የቤተ ሰቡን ፊት እንዴት ያያል?

ከማሳተም በፊት ማሰማት ይሻላል። ወር በገባ በ28 የአማኑኤል ጽዋ በሚጠጣበት ቤት፥ ጸሎቱ ደርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ፥ ሁለት ገጽ ይነበብ። ከማኅበርተኞቹ መካከል በዚያ ታሪክ ዘመን በሰፈሩ የነበሩ አይጠፉም። አንዷ እናት «የለም አያ፥ ያን ዕለት ዝናብ ነበር፤ ሰውዬውም ያመለጠው በላይኛው በር ነው» ቢሉ ጸሐፊው አይቈጣ፤ እርሳሱን አውጥቶ በወረቀቱ ዳር ይጻፈው።