ወደ ካንሰር ሥነ ሕይወት የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያመለክት ተማሪና የመምህሩ ድርሻ

ካንሰር በአገራችን፣ በተለይም በሴቶች ላይ በጡትና በማሕፀን በር በኩል የሚያደርሰው ጉዳት ይበልጥ እየታወቀ በመምጣቱ፣ በሥነ ሕይወት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ካገኙ ወጣቶች መካከል «ካንሰርን ላጥና» የሚሉ አንዳንዶቹ ምክርና የድጋፍ ደብዳቤ ፍለጋ ወደ ቀድሞ መምህሮቻቸው ይመለሳሉ። መምህሩ የሚሰጠው እርዳታ ከቅን ልቡና የመነጨ ቢሆንም፣ የማመልከቻውን አሠራር ካለማወቅ የተነሣ ተማሪውን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያለውን አሠራር መነሻ በማድረግ ጉዳዩን ለማብራራት የተዘጋጀ ነው።

በቅድሚያ የትምህርቱን ምንነት መለየት ያስፈልጋል። የካንሰር ሥነ ሕይወት የሕክምና ትምህርት አይደለም፤ በዚህ መስክ ዶክትሬት ያገኘ ሰው በሽተኛ አያክምም። ተግባሩ የጤናማ ሴል መከፋፈል የሚገታበት ሥርዓት እንዴት እንደሚፈርስ፣ የተበላሸው ሴል ከቦታው ተነሥቶ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እንዴት እንደሚዛመት በቤተ ሙከራ መመርመር ነው። ሥራው ትዕግሥትን ይጠይቃል። እ.አ.አ. በ1911 ፔይተን ራውስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ የዶሮ ዕጢ ሴል በሌለበት የተጣራ ፈሳሽ አማካይነት ከዶሮ ወደ ዶሮ እንደሚተላለፍ አሳየ፤ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ግን በ1966 ነው። በ1940 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በተከፈተው የማካርድል የካንሰር ምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ሃዋርድ ቴሚንም ይህንኑ የዶሮ ቫይረስ ሲያጠና፣ የቫይረሱ አርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል የሚል ሐሳብ በ1964 አቀረበ። ሐሳቡን የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ። ይህን የሚያከናውነው ኤንዛይም በ1970 በእርሱና፣ በተናጠል ይሠራ በነበረው በዴቪድ ባልቲሞር ከተገኘ በኋላ ግን በ1975 የሽልማቱ ተካፋይ ሆነ።

በአሜሪካ አንድ ተማሪ ሁለተኛ ዲግሪ ሳይኖረው በቀጥታ ለዶክትሬት ሊያመለክት ይችላል። ትምህርቱ በአብዛኛው ከ5 እስከ 6 ዓመት የሚወስድ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው የትምህርቱን ክፍያ ሸፍኖ የመኖሪያ ድጎማ ይሰጣል። በመጀመሪያው ዓመት ተማሪው በተለያዩ ላቦራቶሪዎች ለጥቂት ሳምንታት እየተዘዋወረ ከሠራ በኋላ የሚቆይበትን አንዱን ይመርጣል። እንግዲህ መራጮቹ የሚመለከቱት ለዓመታት ወጪውን የሚችሉለትን የሥራ ባልደረባ ነውና፣ ጥያቄያቸው «ይህ ሰው ሙከራው ሲከሽፍበት ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ብዙ ክፍሎች ጂአርኢ የተባለውን አጠቃላይ ፈተና ከ2010ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ስለተዉት፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈለገው ከዓላማ መግለጫውና ከሦስቱ የድጋፍ ደብዳቤዎች ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ልማድ ችግር የሚፈጥረው። በእኛ ዘንድ የተለመደው ደብዳቤ ተማሪው ትጉህ፣ ጨዋና ታዛዥ መሆኑን፣ ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣ ገልጾ በመልካም ምኞት ይደመደማል። ለመሥሪያ ቤት ቅጥር ይህ ያስኬድ ይሆናል፤ ለምርምር ግን ባዶ ወረቀት ያህል ነው። በአንጻሩ «የባክቴሪያ ማሳደጊያዋ ሦስት ጊዜ ተበከለባት፤ በየቀኑ የያዘችውን መዝገብ መልሳ በመመርመር ምክንያቱ የውሃው አፈላል መሆኑን ደረሰችበት» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ ውዳሴ ይበልጣል። ተማሪው ራሱ አርቅቆ መምህሩ የሚፈርምበት ደብዳቤም ጉዳት አለው። ሦስቱም ደብዳቤዎች በአንድ እጅ የተጻፉ መስለው ሲቀርቡ አንባቢው ሦስቱንም ይጠራጠራል። መምህሩ ተማሪውን በቅርብ የማያውቀው ከሆነ፣ ይህንኑ ነግሮ ወደሚያውቀው ሰው መምራቱ የበለጠ ይረዳዋል።

የዓላማ መግለጫውም ከዚሁ አይርቅም። ወላጅ ወይም ዘመድ በካንሰር መሞቱን መግለጽ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ሐዘኑ ገጹን ሁሉ ከሞላው አመልካቹ ምን ዐይነት ጥያቄ ሊመረምር እንደሚፈልግና ከየትኛው ላቦራቶሪ ጋር ሊሠራ እንዳሰበ የሚገልጽበት ስፍራ ያጣል።

ጊዜውን በሚመለከት፣ ብዙዎቹ ማመልከቻዎች የሚዘጉት ዲሴምበር 1 ገደማ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 22፣ የኅዳር ጽዮን ማግሥት መሆኑ ነው። የትምህርት ማስረጃ ከሬጅስትራር ለማውጣት የሚፈጀውን ጊዜ የሚያውቅ ሁሉ ሥራው ከክረምቱ መጀመር እንዳለበት ይረዳል። ከማመልከቻ ክፍያ ነጻ ለመሆን የሚፈልግም ጥያቄውን ከመዝጊያው ቀን አስቀድሞ ማቅረብ አለበት። ቃለ መጠይቅ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ይካሄዳል፤ የተመረጠው ተማሪ በአብዛኞቹ ዘንድ እስከ ኤፕሪል 15 መልሱን ይሰጣል።

አመልካቹ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ገደብም አለ። የአሜሪካ መንግሥት ለምርምር ማሠልጠኛ የሚሰጠው ድጎማ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ስለሆነ፣ አንዳንድ ክፍሎች የሚቀበሏቸው የውጭ ተማሪዎች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ክፍሉ የውጭ ተማሪን በምን ገንዘብ እንደሚያስተምር በጽሑፍ ጠይቆ መረዳት ክፍያን ከማባከን ያድናል። በሃይደልበርግ የሚገኘውን የጀርመን የካንሰር ምርምር ማእከል ለመሳሰሉ የአውሮፓ ተቋማት ደግሞ በአብዛኛው ሁለተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ አገር ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪን ከምርምር ጽሑፍ ጋር ማጠናቀቅ ለሁለቱም በር ይከፍታል።

የትምህርት እቅድ አውጪዎችን የሚመለከተው ከሁሉ በፊት የሙከራ መዝገብ ጉዳይ ነው። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የቤተ ሙከራ ውጤት የሚሰጠው መልሱ ከመጽሐፉ ጋር ስለተስማማ ከሆነ፣ ተማሪው የከሸፈውን መሰረዝ ይማራል፤ መምህሩም ከዓመታት በኋላ በደብዳቤው የሚጽፍለት ነገር ያጣል። የመሣሪያ እጥረት አለ፤ ይሁንና ሊላንድ ሃርትዌል የሴልን መከፋፈል የሚቆጣጠሩትን ጂኖች ለይቶ በ2001 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው በዳቦ እርሾ ላይ በሠራው ምርምር ነው። እርሾው በቀዝቃዛ፣ ለብ ባለና በሞቀ ውሃ የሚኩረፈረፍበትን ፍጥነት ማነጻጸር በየትኛውም ትምህርት ቤት ይቻላል። የሚያስፈልገው ሰዓት፣ የሙቀት መለኪያና መምህሩ በየሳምንቱ የሚፈርምበት፣ የተሳሳተው ቁጥር ሳይፋቅ በአንድ መስመር ብቻ የሚሰረዝበት ደብተር ነው።