የኤሌክትሪክ መኪና በኮንትራት ከመያዙ በፊት የመሙያ ጣቢያው ይጠየቅ

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከላቸው በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና በአዲስ አበባ ጐዳናዎች ብቻ ሳይሆን በየክልሉ ከተሞችም መታየት ጀምሯል። የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለስብሰባ፣ ለግዢ ወይም ለሽያጭ በኮንትራት የሚይዙት መኪናም ከእንግዲህ የነዳጅ ብቻ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ውል ከመፈራረማቸው በፊት በዋጋው የሚከራከሩትን ያህል፣ መኪናው የት ኃይል እንደሚሞላ፣ በምን ዓይነት መሰኪያ እንደሚሞላና ለመሙላት ስንት ሰዓት እንደሚቆም አጥብቀው መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

ናፍጣ ያለቀበት መኪና መንገድ ላይ ቢቆም ረዳቱ ጀሪካን ይዞ በሚያልፍ መኪና ተሳፍሮ ይሄድና ቀድቶ ይመለሳል። ኤሌክትሪክ ግን በጀሪካን አይቀዳም። ባትሪው ያለቀ መኪና አብዛኛውን ጊዜ በሌላ መኪና ላይ ተጭኖ መወሰድ አለበት። በላዩ ያለው ጭነት ቲማቲም ከሆነ በፀሐይ ይበላሻል፤ ምጥ የያዛት ወላድ ከሆነች ደግሞ ጉዳዩ ከገንዘብ ኪሳራ ያልፋል።

ነገሩን በጎተራ መስሎ ማየት ይቻላል። ባትሪው ጎተራው ነው፤ የሚይዘውም በኪሎ ዋት ሰዓት ይለካል። የመሙያው ጉልበት ደግሞ በኪሎ ዋት ይነገራል፤ ይኸውም በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ጎተራው የሚገባው መጠን ማለት ነው። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው አውቶሞቢል ባዶ ከሆነ፣ 2 ኪሎ ዋት ያህል ከሚሰጥ ከተራ የግድግዳ ሶኬት ሲሞላ 30 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ግድግዳ ላይ በሚተከል 7 ኪሎ ዋት መሙያ ከሆነ ወደ 9 ሰዓት ይወርዳል። 60 ኪሎ ዋት በሚሰጥ ፈጣን ጣቢያ ግን ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከመቶ 80 ከደረሰ በኋላ ባትሪው እንዳይጎዳ ፈጣኑ መሙያ ራሱ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ፣ ሰልፍ ባለበት ጣቢያ 80 ላይ ነቅሎ መሄድ ለራስም ለተረኛውም ይጠቅማል።

እንዲህ ያለው አውቶሞቢል በደኅና አስፋልት 100 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል እንበል። በዚህ ስሌት ሙሉ ባትሪ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በወረቀት ላይ ሲታይ ይበቃል። ይሁን እንጂ በመካከሉ የዓባይ በረሃ አለ። መኪናው ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርድና ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ ለአቀበቱ ብቻ ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ይህም በሜዳ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ ኃይል ነው። ተሳፋሪና ጭነት ሲጨመር ፍጆታውም ያድጋል። እርግጥ ነው፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ከወጣው ኃይል ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን ሁሉንም አይደለም። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ቁልቁለት ለሚጀምር መኪና ደግሞ የሚመለሰውን ኃይል ማስቀመጫ ቦታ ስለሌለ ሸክሙ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሾፌሩ «ይደርሳል» ማለቱ ብቻ አይበቃም። የመንገዱ አቀበት ታስቦ፣ ቢያንስ ከባትሪው አምስተኛው እጅ በመጠባበቂያነት እንዲቀር ተደርጎ ጉዞው መታቀድ አለበት።

የሕዝብ መሙያ ጣቢያዎች አብዛኛዎቹ የተከማቹት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በከተማይቱ ፈጣን የመሙያ ጣቢያ ሥራ አስጀምሯል፤ ክፍያውም በቴሌብር ይፈጸማል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሆኖም ኃይል መመንጨቱ አንድ ነገር ሲሆን በገጠር መንገድ ዳር መሙያ መተከሉ ሌላ ነገር ነው። ከዋና ከተማ ሲወጣ በቅድሚያ መጠየቅ የሚገባው በትላልቅ ሆቴሎች፣ በነዳጅ ማደያዎችና በመኪና ሻጮች ግቢ ነው። በስልክ ካርታ ላይ ጣቢያ ተመልክቶ መነሳት ግን ለችግር ይዳርጋል፤ ካርታው የተሰበረውንና መብራት የጠፋበትን ጣቢያ ከደኅናው አይለይም። በዚያው መስመር የሚመላለስ የኤሌክትሪክ መኪና ሾፌር ከማንኛውም ካርታ የተሻለ መረጃ አለው። ከመነሳት በፊት ወደ ጣቢያው ስልክ ተደውሎ መብራት መኖሩ፣ ጣቢያው እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሆነና ጄኔሬተር ያለው መሆኑ ቢጠየቅ ወጪው የአንድ ስልክ ጥሪ ብቻ ነው።

አያሌ ሰዎችን የሚያጉላላው የመሰኪያው ነገር ነው። ወደ አገራችን ከሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች አብዛኛዎቹ የቻይና ሥሪት በመሆናቸው ጂቢ/ቲ የሚባለውን የቻይና መሰኪያ ይዘው ይመጣሉ። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ደግሞ ሲሲኤስ 2 የሚባለውን ይጠቀማሉ። የሁለቱ የዝግታ መሙያዎች ሰባት ሰባት ቀዳዳ ያላቸው ሆነው ለዓይን ቢመሳሰሉም አንዱ ለሌላው አይገጥምም። ስለዚህ ወደ ጣቢያው ሲደወል የመሰኪያው ስም ይጠየቅ። በጋራዥ የተቀጣጠለ ማስማሚያ በፈጣን ጣቢያ ላይ መጠቀም እሳት መጥራት ነው።

አጠቃቀሙ ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። መኪናው ቆሞና ጠፍቶ መሰኪያው እስኪቆለፍ ድረስ ይገፋል፤ በስልክ ወይም በሠራተኛው አማካይነት ተከፍሎ ይጀመራል። ሲያበቃም መጀመሪያ መሙላቱ በትእዛዝ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ይነቀላል። ገመዱን በመኪና መርገጥና የመሰኪያውን አፍ ጭቃ ላይ መጣል ክልክል ነው።

በገጠር ቀበሌ ያለው ጣቢያ እንግዲህ የግድግዳው ሶኬት ነው። ሌሊቱን ለሚያድር የኤሌክትሪክ ባጃጅ ይህ በቂ ነው፤ ለአውቶሞቢል ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አውቶሞቢሉ ከሶኬት የሚወስደው ኃይል ከኤሌክትሪክ ምጣድ ያነሰ ነው። ነገር ግን ምጣዱ እንጀራው ተጋግሮ ሲያልቅ ይጠፋል፤ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ይስባል። ቀጭን ሽቦ፣ የላላ ሶኬትና ከማከፋፈያ ላይ የተቀጠለ ማከፋፈያ የሚግሉትና የሚቃጠሉት በዚህ ምክንያት ነው። መስመሩ ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው በወፍራም ሽቦ የተዘረጋ፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያለው መሆን አለበት። በመጀመሪያው ሰዓት ስፒናው በእጅ ተዳስሶ ከጋለ ወዲያው መሙላቱ ይቁም።

ወፍጮ ቤት ያለው ማኅበር ከዚህ የተሻለ ዕድል አለው። የወፍጮው ባለሦስት ፌዝ መስመር ቀን እህል ሲፈጭ ውሎ ማታ ሥራ ይፈታል፤ በዚያ ሰዓት 7 ኪሎ ዋት መሙያ ቢሠራበት ብዙውን ጊዜ አይከብደውም። ፈጣን ጣቢያ ማሰብ ግን ለጊዜው የሚያዋጣ አይደለም፤ አንድ 60 ኪሎ ዋት መሙያ ብቻውን አንድን አነስተኛ የገጠር ትራንስፎርመር ሊያጨናንቅ ይችላል። ያን ጊዜ የሚጨልመው የመላው ቀበሌ ቤት ነው። የሚተከለው የትኛውም ዓይነት ቢሆን በቅርብ ላለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት አመልክቶ ባለሙያ መስመሩንና ትራንስፎርመሩን እንዲመረምር ማድረግ ይገባል።

የክፍያው ጉዳይም በአባላት ስብሰባ አስቀድሞ ይወሰን። ለመሙያው የተለየ ንዑስ ቆጣሪ ቢገባ የወፍጮው ሂሳብ ከመኪናው ሂሳብ ጋር አይደባለቅም። ሲጀመርና ሲያበቃ የተነበበው ቁጥር ከመኪናው ሰሌዳ ጋር በመዝገብ ይሰፍራል፤ ገንዘብ ያዡም በዚያው መሠረት ተቀብሎ ደረሰኝ ይቆርጣል።