የታክሲ ታሪፍን በእንግሊዝ ማን ያወጣዋል? እንዴትስ ይጨምራል?

በእንግሊዝ ከተሞች ከባቡር ጣቢያ ወጥቶ፣ ተራ ይዞ ከቆመ ታክሲ የሚገባ ሰው ዋጋ አይከራከርም። መድረሻውን ይናገራል፣ ሾፌሩ ቆጣሪውን ያስነሳል፣ ጉዞው ይጀመራል። ኮንትራት ታክሲ ከመያዙ በፊት «በስንት ትወስደኛለህ?» ብሎ መደራደር የለመደ የአዲስ አበባ ሰው፣ ቆጣሪው ላይ የሚነበበው ቁጥር ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ዋጋውን የሚወስነው የአካባቢው ምክር ቤት፣ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ካውንስል የሚለው ነው። ውሳኔው የሚሰጠው በሕግ በተቀመጠ ሥርዓት ሲሆን፣ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ለተሳፋሪውም ለሾፌሩም የመናገሪያ ጊዜ ተሰጥቷል። የአገራችን ሰዎች በተሳፋሪነትም በሾፌርነትም በዚህ ሥራ ውስጥ ስላሉበት፣ አሠራሩን ማወቁ ለሁለቱም ይጠቅማል።

ካውንስሉ የሚተምነው የትኛውን ታክሲ ነው?

በእንግሊዝ ሕግ የኪራይ መኪና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሃክኒ ካሬጅ ይባላል። ተራ ላይ ቆሞ ሰው የሚጠብቅ፣ መንገድ ላይ እጅ ሲዘረጋለትም ቆሞ የሚጭን ታክሲ ማለት ነው። ሁለተኛው ፕራይቬት ሃየር ወይም በተለምዶ ሚኒካብ የሚባለው ሲሆን፣ በስልክ ወይም በመተግበሪያ አስቀድሞ ካልታዘዘ በቀር መጫን አይፈቀድለትም። በኡበር የሚሠሩት መኪኖች በአብዛኛው ከዚህ ወገን ናቸው።

ካውንስሉ ለሁለቱም ፈቃድ ይሰጣል። ታሪፍ የማውጣት ሥልጣን ያለው ግን በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። ልዩነቱ የመጣው ተሳፋሪው ካለበት ሁኔታ ነው። ሚኒካብ የሚያዝ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሁለት የሦስት ድርጅት ዋጋ አወዳድሮ የሚሻለውን ይመርጣል። ሌሊት ሻንጣውን ይዞ ተራ ላይ የቆመ መንገደኛ ግን ከፊቱ ያለው ታክሲ ውስጥ ይገባል፤ የሚያወዳድርበት ጊዜም ፋታም የለውም። ሕጉ ጣልቃ የሚገባው እሱን ለመጠበቅ ነው።

የሥልጣኑ ምንጭ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የአካባቢ መስተዳድሮች ሕግ አንቀጽ 65 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት ካውንስሉ ለርቀት፣ ለጊዜና ከኪራዩ ጋር ለተያያዙ ሌሎች ክፍያዎች ሁሉ የታሪፍ ሠንጠረዥ ማውጣት ይችላል። በእንግሊዝ ታክሲን የሚቆጣጠሩት ባለሥልጣናት ከ250 በላይ ናቸው። ስለዚህ በሁለት አጎራባች ከተሞች ተመሳሳይ ርቀት የሄደ ሰው የተለያየ ሂሳብ ቢከፍል የሚያስገርም አይደለም።

ሠንጠረዡ ውስጥ ምን አለ?

የታሪፍ ሠንጠረዡ ታክሲው ውስጥ ተሳፋሪው በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። ብዙውን ጊዜ አንድ ገጽ ብትሆን ነው። በመጀመሪያ የመነሻ ዋጋ አለ፤ ተሳፋሪው ገብቶ ቆጣሪው እንደተነሳ የሚታየው ሂሳብ ይህ ሲሆን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ያርዶች ይሸፍናል። ቀጥሎ የርቀት ዋጋ ይመጣል፤ በየተወሰነው ያርድ የተወሰነ ፔንስ ይጨመራል። ሦስተኛው የመጠበቂያ ዋጋ ነው። መኪናው በመንገድ መጨናነቅ ሲቆም ወይም ከተወሰነ ፍጥነት በታች ሲሄድ፣ ቆጣሪው ርቀቱን ትቶ በጊዜ መቁጠር ይጀምራል።

ከዚህ ሌላ ሠንጠረዡ በሰዓት ይከፋፈላል። ታሪፍ 1 የቀን፣ ታሪፍ 2 የሌሊትና በብዙ ቦታ የእሑድ ነው። ለገናና ለአዲስ ዓመት ደግሞ ከሁለቱም ከፍ ያለ ታሪፍ የሚያወጡ ካውንስሎች አሉ። ከታች በኩል ተጨማሪ ክፍያዎች ይዘረዘራሉ፤ ለምሳሌ ከተወሰነ ቁጥር ለሚበልጥ ተሳፋሪ፣ ወይም መኪናውን ላበላሸ ሰው የጽዳት። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ግን ተጨማሪ ማስከፈል በእኩልነት ሕጉ የተከለከለ ነው፤ ዓይነ ስውርን ለሚመራ ውሻም እንዲሁ።

አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በሠንጠረዡ ላይ ያለው የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ሾፌሩ ከዚያ በታች ማስከፈል ይችላል። የመንግሥት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለካውንስሎች ያወጣው መመሪያም ታሪፉ እንደ ጣሪያ እንዲታይ ያሳስባል። ስለዚህ ዋጋው እንዲቀነስለት በጨዋ ደንብ የሚጠይቅ ተሳፋሪ ከሕግ አልወጣም፤ ሾፌሩም እሺ የማለት ግዴታ የለበትም።

ጭማሪ ከየት ይጀምራል?

አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው የሚመጣው ከሾፌሮች ወይም ከማኅበራቸው ነው። ነዳጅ ተወደደ፣ ኢንሹራንስ ጨመረ፣ የመኪና ዋጋ ናረ ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋ የአንድ ሊትር ቤንዚን አማካይ ዋጋ ከ190 ፔንስ ባለፈ ጊዜ፣ ብዙ ካውንስሎች ለዓመታት ሳይነኩት የኖሩትን ታሪፍ ወደ መከለስ ገቡ።

ማመልከቻው ሲደርስ የፈቃድ ክፍሉ ሠራተኞች ጥናት ያዘጋጃሉ። የነዳጅ፣ የጥገና፣ የኢንሹራንስና የፈቃድ ወጪን ያያሉ፤ የአጎራባች ካውንስሎችን ዋጋም ይመለከታሉ። ለንጽጽር በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ ሁለት ማይል የሚሆን የቀን ጉዞ ስንት ያስከፍላል የሚለው ነው። ለታክሲ ሥራ የሚታተም አንድ ወርሃዊ መጽሔት የየአካባቢውን የሁለት ማይል ዋጋ ከውድ ወደ ርካሽ ደርድሮ ስለሚያወጣ፣ ሠንጠረዡ በየካውንስሉ ስብሰባ ይጠቀሳል።

የሁለት ማይል ንጽጽር ግን ሁሉን አያሳይም። ለማስረዳት ያህል ብቻ አንድ ታሪፍ እንውሰድ። መነሻው 4 ፓውንድ ሆኖ የመጀመሪያውን የማይል አንድ አምስተኛ ይሸፍን፤ ከዚያ በኋላ በየ176 ያርዱ፣ ማለትም በየማይሉ አንድ አሥረኛ፣ 25 ፔንስ ይጨመር። ሁለት ማይል የሄደ ሰው 8 ፓውንድ ከ50 ይከፍላል። ስድስት ማይል የሄደው ደግሞ 18 ፓውንድ ከ50።

አሁን ካውንስሉ ሁለት የጭማሪ ሐሳብ ቀረበለት እንበል። የመጀመሪያው መነሻውን በ40 ፔንስ ማሳደግ ነው። የሁለት ማይሉ ተሳፋሪ 8 ፓውንድ ከ90፣ የስድስት ማይሉ 18 ፓውንድ ከ90 ይከፍላሉ። በመቶኛ ሲሰላ አጭር መንገድ የሚሄደው ወደ 5 በመቶ፣ ሩቅ የሚሄደው ግን 2 በመቶ ገደማ ጨመረበት ማለት ነው። ሁለተኛው ሐሳብ 25 ፔንሷን ሳይነኩ ያርዱን ከ176 ወደ 160 ማሳጠር ነው። ያን ጊዜ የሁለት ማይሉ ጉዞ 9 ፓውንድ፣ የስድስት ማይሉ 20 ፓውንድ ይሆናል፤ ጭማሪውም ወደ 6 በመቶና 8 በመቶ ይደርሳል።

ሁለተኛው ዘዴ ለዓይን አይታይም። ሠንጠረዡን ገረፍ አድርጎ ያየ ሰው 4 ፓውንዱም 25 ፔንሱም እንዳሉ ናቸው ብሎ ያልፋል፤ የተለወጠችው ያርዷ ናት። መነሻው ሲጨምር የሚከብደው ከገበያ ዕቃ ተሸክመው ለአጭር መንገድ ታክሲ በሚይዙ አረጋውያን ላይ ነው። ርቀቱ ሲነካ ደግሞ ከከተማ ዳር የሚኖረው ይጎዳል። ስለዚህ አዲስ ታሪፍ ሲወጣ ፔንሱን ብቻ ሳይሆን ያርዱንም ማንበብ ያስፈልጋል።

14ቱ ቀናት

ካውንስሉ አዲስ ሠንጠረዥ ስላዘጋጀ ብቻ ታሪፉ በሥራ ላይ አይውልም። ሕጉ በአካባቢው በሚሠራጭ ቢያንስ በአንድ ጋዜጣ ሠንጠረዡን ከነዝርዝሩ እንዲያወጣ ያስገድደዋል። የማስታወቂያው ቅጂም በካውንስሉ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያየው ይገባል። ማስታወቂያው መጀመሪያ ከወጣበት ቀን አንሥቶ ከ14 ቀን የማያንስ የተቃውሞ ማቅረቢያ ጊዜ ይሰጣል።

ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። ተቃውሞ ካልቀረበ፣ ወይም የቀረበው ሁሉ ከተነሣ፣ አዲሱ ታሪፍ ጊዜው እንዳበቃ ወይም የመጨረሻው ተቃውሞ እንደተነሣ ይጸናል። ከሁለቱ ዘግይቶ የሚደርሰው ቀን ይያዛል። አንድ እንኳ ያልተነሣ ተቃውሞ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ካውንስሉ ተቃውሞውን መመርመር፣ ሠንጠረዡን እንዳለ ማጽደቅ ወይም ማሻሻል፣ ሥራ ላይ የሚውልበትንም ሌላ ቀን መወሰን ይኖርበታል። ይህ አዲስ ቀን በመጀመሪያ ከተቆረጠው ከሁለት ወር ማለፍ አይችልም።

ይህ ማለት በቀኑ የገባች አንዲት ደብዳቤ ታሪፉ ሳይመረመር እንዳይጸና ታደርጋለች ማለት ነው። ተቃዋሚው የግድ ዜጋ፣ የሕግ ባለሙያ ወይም የማኅበር መሪ መሆን የለበትም። ተሳፋሪ «በዛ» ብሎ፣ ሾፌርም «አነሰ» ብሎ መጻፍ ይችላል። ክብደት የሚኖረው ግን የትኛው መስመር እንደማይስማማውና ለምን እንደማይስማማው በቁጥር ያስረዳ ደብዳቤ ነው። «በሳምንት ሦስት ጊዜ ለዲያሊስስ ወደ ሆስፒታል እሄዳለሁ፤ የአንዱ ጉዞ ዋጋ ከዚህ ወደዚህ ይሄድብኛል» የሚል ተሳፋሪ፣ ወይም የነዳጅና የኢንሹራንስ ደረሰኙን አያይዞ የሚያቀርብ ሾፌር፣ ለመርማሪዎቹ የሚያዝ ነገር ይሰጣል። «ኑሮ ተወደደ» ብቻ ያለ ደብዳቤ እውነት ቢሆንም የሚያሠራ ነገር የለውም።

ታሪፉ ከጸና በኋላ ሾፌሩ ቆጣሪውን በአዲሱ ሂሳብ ማስተካከልና ማሳሸግ አለበት። የታሸገ ቆጣሪ ላይ ለማታለል እጅ ማስገባት ወንጀል ነው።

ከታሪፉ በላይ ሲጠየቁ

ከተፈቀደው ታሪፍ በላይ ማስከፈል እ.ኤ.አ. ከ1847 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለ ሕግ ያስቀጣል። ያው ሕግ ተሳፋሪው አስቀድሞ ከታሪፉ በላይ ለመክፈል ቢስማማ እንኳ ስምምነቱ አያስገድደውም ይላል። ትርፉን ከመክፈል መከልከል ይችላል፤ ከከፈለም ማስመለስ ይፈቀድለታል።

ልዩነት ያለው ጉዞው ከካውንስሉ ክልል ውጭ ሲያልቅ ነው። ያን ጊዜ ሾፌሩና ተሳፋሪው ከመነሳታቸው በፊት በሌላ ዋጋ መስማማት ይችላሉ። ካልተስማሙ ግን ቆጣሪው የሚያሳየው ሂሳብ ጣሪያ ይሆናል። ሩቅ የሚሄድ ሰው በሩን ከመዝጋቱ በፊት ዋጋውን መነጋገር ያለበት ለዚህ ነው።

በደል የደረሰበት ሰው ቅሬታውን ለፈቃድ ክፍሉ ያቀርባል። ከመኪናው ውጭ የተለጠፈውን የፈቃድ ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መነሻና መድረሻውን ጽፎ መያዝ፣ ደረሰኝም መጠየቅ ይገባዋል።

ለንደንና ስኮትላንድ

ለንደን የራሷ ሥርዓት አላት። የጥቁሮቹን ታክሲዎች ታሪፍ የሚወስኑት የየሠፈሩ ካውንስሎች ሳይሆኑ፣ ትራንስፖርት ፎር ለንደን የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። የታክሲ ሥራ ወጪን የሚከታተል መለኪያ አለው፤ ከመወሰኑ በፊትም የሕዝብ አስተያየት ይሰበስባል።

በእንግሊዝ የ1976ቱ ሕግ ካውንስሎች ታሪፍ ማውጣት «ይችላሉ» ይላል እንጂ በየስንት ጊዜው እንዲከልሱ አያስገድድም። ስለዚህ ታሪፉ ለዓመታት ሳይነካ የሚቆይበት አካባቢ አለ። በስኮትላንድ ግን እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ሕግ ፈቃድ ሰጪው አካል ታሪፉን በ18 ወር ውስጥ እንዲከልስ ግዴታ ይጥልበታል። ውሳኔው ያልተዋጠላቸው የታክሲ ሥራ ባለቤቶች በ14 ቀን ውስጥ ለትራፊክ ኮሚሽነር ይግባኝ ማለት ይችላሉ። የስኮትላንዱ አሠራር የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት የሚከለስ ታሪፍ፣ ለዓመታት ታፍኖ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ከሚፈነዳ ጭማሪ ለተሳፋሪውም ለሾፌሩም ይቀላል።

ዝቅተኛ ታሪፍ ሁልጊዜ ተሳፋሪን ይጠቅማል ማለትም አይደለም። ገቢው ወጪውን ያልሸፈነለት ሾፌር ታክሲውን ትቶ ሌላ ሥራ ይይዛል፤ በቅድሚያ የሚሳሳው የሌሊቱ ተራ ነው። በጣም ከፍ ያለ ታሪፍም ተሳፋሪውን ወደ መተግበሪያው ይገፋውና ሾፌሩን ያለ ሥራ ተራ ላይ ያስቀምጠዋል። ሚዛኑን የሚያገኘው ሁለቱንም ወገን የሰማ ካውንስል ብቻ ነው።

እንግዲህ በእንግሊዝ የምትኖሩ፣ ታክሲ የምትነዱም የምትሳፈሩም፣ የካውንስላችሁን የታሪፍ ሠንጠረዥ ዛሬውኑ አውጥታችሁ አንብቡት። የታሪፍ ለውጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ቀኑን ቁጠሩ፤ እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ወላጆችና ጎረቤቶችም አስረዱ። የምትሉት ካላችሁ 14ቱ ቀን ሳያልፍ ጻፉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቅሬታ፣ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ የጸናውን ታሪፍ አያስለውጥም፤ የሚቀጥለውን ክለሳ መጠበቅ ነው።