ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

ምስጠራ ማለት አንድን ጽሑፍ ቁልፉ ለሌለው ሰው የማይነበብ አድርጎ መለወጥ ነው። ይህን ያህሉ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። የሚያከራክረው ሌላ ነው፤ ይኸውም መልእክት የሚያስተላልፍ ድርጅት ምስጠራን ግዴታ ያድርገው ወይስ ለተጠቃሚው ፈቃድ ይተወው? የሚለው ነው።

እስቲ በየኪሳችን ያሉትን ሁለቱን እንመልከት። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሰዎች የሚለዋወጡትን መልእክት ሁሉ ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ድረስ ይመሰጥራል። ቁልፉ ያለው በተነጋጋሪዎቹ እጅ ስለሆነ ድርጅቱ ራሱ ማንበብ አይችልም። ማጥፊያም የለው፤ ይቅርብኝ ቢሉት አይቀርም። ቴሌግራም ግን ሌላ መንገድ ይዟል። ተራው መልእክት በጉዞ ላይ ቢመሰጠርም ቁልፉ ድርጅቱም ዘንድ አለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረውን የምስጢር ውይይት ተጠቃሚው ራሱ ፈልጎ መክፈት አለበት፤ እሱም ለሁለት ሰዎች እንጂ ለግሩፕ አይሠራም።

ታዲያ ቴሌግራም አጥፍቷል ማለት ነው? አይቸኩሉ። ስልኩ የጠፋበት ዕጩ መምህር በአዲስ ስልክ ሲገባ የተላከለት ሞጁልና ማስታወሻ ሁሉ ተመልሶ የሚመጣለት ቁልፉ ድርጅቱ ዘንድ ስላለ ነው። ነገሩ የሳጥንን ትርፍ ቁልፍ ለዘበኛ እንደ መስጠት ነው። ቁልፍ ሲጠፋብን ይከፍትልናል፤ ዘበኛውን ማስገደድ የቻለም ሰው ያስከፍተዋል። የምስጢር ውይይት ግን ከስልኩ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ያም ሆኖ «ምርጫ» የሚባለው በተግባር ሲታይ ብዙ ጊዜ ምርጫ አይደለም። መኖሩን እንኳ ያላወቀ ሰው እንዴት መረጠ ይባላል? ደግሞም ጥቂቶች ብቻ ሲቆልፉ «ምን ደብቆ ይሆን?» መባል ይመጣል፤ የሁሉም ሲቆለፍ ግን ማንም ተለይቶ አይታይም። ጂሜይል ከተጠቃሚው እስከ ድርጅቱ ያለውን መስመር መቆለፍን እ.ኤ.አ. በ2008 በምርጫ ጀመረው፤ በ2010 ካላጠፉት በቀር የሚሠራ አደረገው፤ በ2014 ጭራሽ ግዴታ ሆነ። ዛሬ ይህን ልብ የሚለው ስንቱ ነው?

በእኔ አስተያየት በጉዞ ላይ ላለ መልእክት ግዴታው ይበጃል። ምርጫ የሚገባው ለመጠባበቂያ ቅጂው፣ ባክአፕ ለምንለው ነው። ዋትስአፕም እ.ኤ.አ. በ2021 ይህንኑ ቅጂ በራስ ቁልፍ መቆለፍን ለተጠቃሚው ፈቃድ ትቶታል። የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ቅጂውን ድርጅቱም አያስመልስለትምና በግድ ይደረግ ማለት ይከብዳል። ግን እዚህም አንድ ጣጣ አለ፤ ቅጂው የባለቤቱን ቃል ብቻ አልያዘም። ጓደኛችሁ ቅጂውን ሳይቆልፍ ካስቀመጠ፣ እናንተ የጻፋችሁለትም አብሮ ሳይቆለፍ ተቀምጧል።