ኩላሊት የጣለውን ማን ያንሳው?

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ የቤተሰባቸው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የተለቀቀ ቪዲዮ አሳየኝ። ሰውየው ብርጭቆ ይዞ «የራሳችሁን የጠዋት ሽንት ጠጡ፤ ስኳሩም፣ ደም ብዛቱም፣ ካንሰሩም ይጠፋል» ይላል። ስቀን ልናልፈው ነበር። ከሥሩ ግን ስኳር ያለባቸው አክስቱ «ታዲያ መርፌውን ላቁመው እንዴ?» ብለው ጽፈዋል።

ሳቃችን እዚያው ቆመ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በራሱ ጊዜ ካቆመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1979 የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሞራርጂ ዴሳይ ሽንታቸውን እንደሚጠጡ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርበው ሳይደብቁ ተናግረዋል። ለመታከም አቅም ለሌላቸው ሕንዳውያንም መፍትሔ ነው ብለው ነበር። ያረፉት በ99 ዓመታቸው ስለሆነ ደጋፊዎቹ ዛሬም እንደ ማስረጃ ይጠቅሷቸዋል። ግን እኮ ዴሳይ ሥጋ አይበሉም፣ አልኮልም አይቀምሱም ነበር። ዕድሜያቸውን ያረዘመው የቱ እንደሆነ ከአንድ ሰው ታሪክ ማወቅ አይቻልም።

እስቲ ኩላሊታችንን እንጠይቀው። በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያጣራል። የሚጠቅመንን ወደ ደም ይመልሳል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር የምትሆነውን ብቻ በሽንት ያስወጣል። ሽንት አብዛኛው ውሃ ነው። የቀረው ዩሪያ፣ ትርፍ ጨው እና የምንወስደው መድኃኒት ቅሪት ነው። መልሶ መጠጣት ማለት ኩላሊትን «የጣልከውን እንደገና ጣል» ማለት ነው። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ሸክም ነው።

«ሽንት ንጹህ ነው፤ ጀርም የለውም» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በጤነኛ ሴቶች ፊኛ ውስጥ ሳይቀር በሕይወት ያሉ ባክቴሪያዎችን አግኝተዋል። ስለዚህ ቁስል ላይ ወይም ዓይን ውስጥ ማድረጉም አያዋጣም።

«ከሽንት መድኃኒት ይሠራ የለ?» ካላችሁ፣ አዎ ይሠራል። ፕሪማሪን የሚባለው ለማረጥ ችግር የሚታዘዝ ሆርሞን የሚገኘው ካረገዙ ባዝራዎች ሽንት ነው። ለመውለድ ሕክምና የሚሰጡ አንዳንድ ሆርሞኖችም ከሴቶች ሽንት ይወጣሉ። ልዩነቱ፣ እነዚህ ተለይተው፣ ተጣርተውና መጠናቸው ተለክቶ የሚሰጡ መሆናቸው ነው። ብርጭቆ ውስጥ ያለውን ግን ማንም አልለካውም።

ዓረብ አገር ያላችሁም አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚያ የግመል ሽንት ለመድኃኒትነት የሚጠጡ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ የተገኘው ሜርስ የተባለው ቫይረስ ከግመል ወደ ሰው ይተላለፋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በተለይ ስኳር፣ የኩላሊት ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች የግመል ሽንትና ያልፈላ የግመል ወተት እንዳይጠጡ መክሯል።

ወደ አክስትየው ልመልሳችሁ። ጓደኛዬ ወዲያው ደወለላቸው። ለካ የዚያን ቀን ጠዋት መርፌውን አልተወጉም። «ምን ላድርግ ልጄ፣ መርፌው ሰልችቶኛል፤ ዛሬን እስቲ ልሞክረው ብዬ ነው» አሉት። ጊዜ ሳያጠፋ ጤና ጣቢያ ወሰዳቸው። ስኳራቸው ተለካ፤ ሽንትም ስጡ ተባሉ። ሽንታቸው እዚያ ሥራውን ሠራ፤ ሰውነታቸው ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ለባለሙያው ተናገረ። የሽንት ጥቅሙ ይኸው ነው።

ቪዲዮውን ለጓደኛ ለቤተሰብ ከማስተላለፋችሁ በፊት፣ ያ ግሩፕ ውስጥ መርፌ የሰለቸው ሰው ሊኖር እንደሚችል አስቡ።