ንብ በየካቲት ምን ትቀስማለች?

በመስከረም ለንብ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ሜዳው በአደይ አበባና በመች ቢጫ ይሆናል፤ ማገጡ በየማሳው ድንበር ያብባል፤ ንብ የምትመርጠው እስኪጠፋት ትጠግባለች። በደጋው ትልቁ ማር የሚቆረጠውም ይህንኑ ተከትሎ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በልግ የሚዘንብበት አካባቢ ደግሞ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሁለተኛ ማር ያገኛል። ችግሩ ያለው በመሃል ባሉት ወራት ነው። በጥርና በየካቲት መሬቱ ይደርቃል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ዝናቡ ንቧን ከቀፎ አያስወጣትም። ስለዚህ ግቢውን ለንብ፣ ለቢራቢሮና ለወፍ ማመቻቸት የሚፈልግ ሰው ከአበባው ውበት በፊት የሚያብብበትን ወር ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ነገሩ የማር ብቻ አይደለም። ጓሮው ውስጥ ዱባ ተክሎ "አበባው ሞልቷል፣ ፍሬው ግን ገና ሳይጠነክር ይረግፋል" የሚል ሰው ብዙ ነው። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባውን ለየብቻ ያወጣል። ሴቴዋ ከአበባዋ ሥር ትንሽ የዱባ ጫጩት ይዛ ስለምትወጣ በቀላሉ ትለያለች። ብናኙን ከወንዴው ወደ ሴቴዋ የሚያደርስ ንብ ካልመጣ ያቺ ጫጩት ቢጫ ሆና ትወድቃለች። ኑግም ቢሆን በራሱ ብናኝ ዘር አይዝም፤ ከሌላ የኑግ ተክል ብናኝ የሚያመጣለት ይፈልጋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 6,000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዝርያዎች ይገኛሉ፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሌላ አገር የለም። ከዚህ ሁሉ መሃል ለደረቁ ወራት የሚሆነው ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢያችን አጥር ሥር ቆሟል፤ ግራዋ። ሰው ግራዋን የሚያውቀው በጋን ማጠቢያነቱ ነው፤ ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ያለ ግራዋ አይሆንም። በበጋ ግን ነጫጭ አበባውን ዘለላ በዘለላ ያወጣል፤ በዚያ ወቅት ሥሩ የቆመ ሰው የንቡን ድምፅ ይሰማል። እንቅፋቱ ቅጠሉ በየጊዜው ስለሚመለመል ብዙ ግራዋ ለአበባ አለመድረሱ ነው። ግማሹን ለጋን፣ ግማሹን ለንብ ማካፈል ይቻላል። በአንድ ወገን ያሉትን ቅርንጫፎች ከክረምት በኋላ ሳይነኩ መተው ይበቃል።

ኮርች፣ እሬትና የፈረስ ዘንግ ደግሞ የወፍ ምግብ ናቸው። የኮርች አበባ ደማቅ ቀይ ነው። ንብ ቀይን እንደ እኛ አጥርታ አታይም፤ ወፍ ግን ከሩቅ ይለየዋል። በደጋው ከሚኖሩት ምንቃረ ቆልማማ ማር ቀሳሚ ወፎች አንዷ በሳይንሳዊ ስሟም በተከዜ ወንዝ የተጠራች ናት። ወንዱ በጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊና ነሐስማ ሆኖ ያብረቀርቃል። ይህ ወፍ የፈረስ ዘንግ ላይ ሲያርፍ ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ብርቱካንማ አበቦቹ በግንዱ ዙሪያ ክብ ሠርተው ደርብ በደርብ ይደረደራሉ። እያንዳንዷ አበባ ረጅም ቱቦ ሆና ከላይ እንደ ቆብ የተደፋ ከንፈር አላት፤ ብናኙ የተደበቀው በዚያ ቆብ ሥር ነው። ወፉ ምንቃሩን ወደ ታች ሲሰድ ቆቡ አናቱን ይነካዋል፤ ብናኙንም አናቱ ላይ ተሸክሞ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

አደይ አበባም ቢሆን የሚታየውን ያህል ቀላል አይደለችም። አንድ አበባ የምትመስለን በእርግጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ናት። በዳር ያሉት ሰፋፊ ቢጫ ቅጠሎች ለመጥሪያ ናቸው። መሃሉ ላይ የታጨቁት ትንንሾቹ ከዳር ወደ መሃል ተራ እየጠበቁ በተለያየ ቀን ይከፈታሉ፤ ንብ ዛሬ የቀሰመችው አደይ ላይ ነገም አዲስ ታገኛለች። አደይ ግቢያችሁ እንዲከርም ከፈለጋችሁ አበባው ከረገፈ በኋላ ቦታውን ለማጨድ አትቸኩሉ። ራሱ ደርቆ ዘሩን ይጣል፤ ወይም ዘሩን ሰብስባችሁ ለሰኔ አቆዩት።

እስካሁን ያልነው ስለ አበባ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ እዚሁ ላይ ያቆማል፤ ቅጠሉን ግን ይረሳዋል። ቢራቢሮ አበባ ትቀስማለች እንጂ ልጆቿ አበባ አይበሉም። ሎሚ ያለው ሰው ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ቡናማና ነጭ ነገር አይቶ ይሆናል። ያ የአንድ ትልቅ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ አባጨጓሬ ነው፤ ኩስ መምሰሉም ከወፍ እንዲያድነው ነው። አደግ ሲል አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ በስንጥር ቢነኩት ከአንገቱ ቀይ ቅርንጫፋም ቀንድ ብቅ አድርጎ መጥፎ ሽታ ይለቅቃል። የሚበላው ሎሚንና ልምጭን የመሳሰሉ ዘመዳም ተክሎችን ነው። ትልቅ የሎሚ ዛፍ በጥቂት አባጨጓሬ አይጎዳም፤ ጎረቤት ያለች ወፍ ደግሞ ለጫጩቶቿ የምትለቅመው ይህንኑ ነው። ቅጠሉ ፈጽሞ የማይበላ ዛፍ ብቻ የተተከለበት ግቢ ለዓይን ንጹሕ ነው፤ ለወፍ ግን ባዶ ሞሰብ ነው።

ይህ ማለት ከውጭ የመጣ ሁሉ ይነቀል ማለት አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለንብ ጥሩ ቀሰም እንዳለው አናቢ ሁሉ ያውቃል፤ ማሩም ገበያ አለው። በእኔ አስተያየት በእርግጥ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው እንደ ወፍ ቆሎ ካለው ተክል ነው። አበባው ቀለመ ብዙ ነው፤ ቢራቢሮ አይለየውም፤ ለዚህም ሰው ለአጥር ይወደዋል። ፍሬውን ግን ወፎች በልተው ዘሩን በየቦታው ይጥሉታል። የገባበትን ግጦሽም ወርሮ ሌላውን ያጠፋል። ለአጥር ከሆነ ሰንሰል አለ፤ ነጭ አበባውን ንብ ትወደዋለች፤ ቢከረከምም ቶሎ ያገግማል።

ማደሪያም ያስፈልጋል። ዓለም ላይ ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች ሲኖሩ በቀፎ በሕብረት የሚኖሩት ጥቂቶቹ ናቸው። አብዛኞቹ ለየብቻቸው መሬት ቆፍረው ወይም ባዶ አገዳና የደረቀ እንጨት ውስጥ ይራባሉ። የማትናደፈው ጣዝማ ራሷ ጎጆዋን የምትሠራው ከመሬት በታች ነው፤ ለሳል የሚፈለገው ማሯም ከዚያ ይወጣል። ከበር እስከ ጓሮ በሲሚንቶና በሴራሚክ የተለበጠ ግቢ አበባው ቢሞላም ለእነዚህ መግቢያ የለውም። ፀሐይ የሚያገኘው፣ ውኃ የማይተኛበት አንድ ጥግ አፈሩ ሳይሸፈን ይቅር። ከጎኑ ጠጠር የተጨመረበት የውኃ ሳህን ቢቀመጥ በበጋ ጠጪው ብዙ ነው። ጠጠሩ ንቦቹ እንዳይሰምጡ መቆሚያ ይሆናቸዋል።

መድኃኒት ርጭት ይህን ሁሉ ልፋት በአንድ ጠዋት ገደል ይከተዋል። ያበበ ተክል ላይ አይረጭም። የግድ ከሆነም ንብ ከተመለሰች በኋላ፣ ሲመሽ ይሁን። በገጠሩ ጤፍና ስንዴ ላይ የሚረጨው ቱፎርዲ አረም ብቻ ስለሚገድል ብዙዎች ለንብ አደገኛ አይመስላቸውም፤ ነገር ግን አረም የምንለው መችና ማገጥ የንቧ ምግብ ነው። ለክረምቱ ረሃብ ደግሞ አትክልተኛው ብዙ ማድረግ አይችልም። ለዚያ መፍትሔው አናቢው ጋ ነው፤ ቀፎውን ሙልጭ አድርጎ ባይቆርጥ።

ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው በረንዳ ላይ ጀሪካን ቆርጦ ዳማከሴና ጦስኝ መትከል ይቻላል። ለምች ከሚቀጠፈው ዳማከሴ ላይ አንድ ሁለት ጫፍ ሳይነካ ቢተው ያብባል፤ ንቧም ፎቅ ትወጣለች።

ሀገር በቀል ችግኝ ማግኘት ከግራቪሊያና ከፈረንጅ ጥድ ይልቅ ያስቸግራል። ከጫካ ነቅሎ ማምጣት ግን ጥፋት ነው፤ ደግሞም አብዛኛው አይጸድቅም። ተክሉን በመልኩ ለማወቅ አዲስ አበባ ያለ ሰው ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ሄዶ ማየት ይችላል። የትኛው ለንብ እንደሚሆን ጠለቅ ብሎ ለሚፈልግ ደግሞ ሪንሃርድ ፊችትልና አድማሱ አዲ በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኢትዮጵያ የንብ ዕፅዋት መጽሐፍ አለ። ግራዋና ኮርች ዘርም ችግኝም አይፈልጉም፤ ከጎረቤት የተቆረጠ ጉማጅ ዝናብ ሲጀምር መሬት ውስጥ ቢተከል ይይዛል። እሬትም ከሥሩ ከሚያወጣቸው ልጆች ይባዛል። ወይራ ትዕግሥት ይጠይቃል። የፍሬው ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነ ውስጡ ሳይጎዳ በቀስታ ቢሰነጠቅ ቶሎ ይበቅላል። ፍሬውን ወፎች ይወዱታል፤ ግን እስኪያፈራ ዓመታት ስለሚወስድ ቦታ ያለው ሰው መጀመሪያ መትከል ያለበት እሱን ነው።